የሲ-ባንድ የ5ጂ ማጣሪያ ሲገመገም፦ አንድ በሽታ ብቻ የሚያድን መድኃኒት

በሳተላይት ዲሽ ፊድ ሆርን (ከዲሹ የተሰበሰበውን ሲግናል የሚቀበለው አፍ) እና በኤልኤንቢው (ሲግናሉን በሚያጎላው መሣሪያ) መካከል የሚታሰረው፣ ሻጮች «የ5ጂ ማጣሪያ» የሚሉት የአሉሚኒየም ሳጥን የሚያድነው አንድ በሽታ ብቻ ነው። ያንን አንዱን ግን አሳምሮ ያድናል። ጎረቤት የተተከለ የሞባይል ማማ በጉልበቱ ኤልኤንቢውን ሲያደነቁረው ማጣሪያው ጆሮውን ይመልስለታል። ችግሩ ሌላ ከሆነ ገንዘቡ ለከንቱ ወጣ ማለት ነው፤ ይባስ ብሎ ከጤነኛው ሲግናል ላይም ይቀንሳል። እዚህ የሚገመገመው በብዛት የሚሸጠው ዓይነት ነው፦ ባለስድስት ክፍል፣ ሲፒአር-229 ፍላንጅ (በቡሎን የሚገጠምበት ጠርዝ) ያለው፣ ከ3.7 እስከ 4.2 ጊጋኸርዝ የሚያሳልፍ ዌቭጋይድ ፊልተር፣ ማለትም ሞገዱ በውስጡ የሚያልፍ ባዶ የብረት ቱቦ። ማጣሪያ በውስጣቸው ይዘው የሚመጡ ኤልኤንቢዎችም ወደ ኋላ ላይ ይነሳሉ።

የጠቡ መነሻ ጉርብትና ነው። የሲ-ባንድ ሳተላይት ወደ ምድር የሚያወርደው ከ3.4 እስከ 4.2 ጊጋኸርዝ ውስጥ ሲሆን 5ጂ በብዛት የሰፈረው ደግሞ ከ3.3 እስከ 3.8 ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በተደረገው የዓለም የሬዲዮ ኮንፈረንስ ከ3.4 እስከ 3.6 ያለው ክፍል በብዙ አገሮች ለሞባይል በሩ ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ ድንበሩ ወደ ላይ እየተገፋ ነው። ሳተላይቱ ከ36,000 ኪሎ ሜትር ርቀት ያንሾካሽካል፣ ማማው ከጎን ይጮኻል። ኤልኤንቢው ደግሞ ሁለቱን የሚለይበት መንገድ የለውም። የዌቭጋይዱ የውስጥ ስፋት 58.17 በ29.08 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ ልክ ከ2.58 ጊጋኸርዝ በላይ ያለውን ሁሉ ያስገባል። ስለዚህ የ3.5ቱ 5ጂ ማንም ሳይጠይቀው እስከ መጀመሪያው ትራንዚስተር ድረስ ይዘልቃል።

ምን ያህል ጉልበት ይዞ እንደሚደርስ በቁጥር እንየው። ዘመናዊ የ5ጂ አንቴና ጨረሩን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሰበስብ 75 ዲቢኤም ያህል ሊረጭ ይችላል (ዲቢ ጉልበት ስንት እጥፍ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚለካበት ነው፤ ዲቢኤም ደግሞ ከአንድ ሚሊ ዋት አንጻር የተለካ ጉልበት)። በ3.5 ጊጋኸርዝ አንድ ኪሎ ሜትር ክፍት አየር ላይ 103 ዲቢ ይጠፋል። ዲሹ ወደ ማማው ባይዞርም ከጎኑ ትንሽ ይሰማል፤ ከዲሹ ዘንግ 30 ዲግሪ ርቆ ላለ ማማ ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው -5 ዲቢ ያህል ነው። ሲደመር ኤልኤንቢው አፍ ላይ -33 ዲቢኤም ይደርሳል። ኤልኤንቢ 60 ዲቢ ያህል ያጎላል፤ መውጫው ላይ ወደ 10 ዲቢኤም ሲጠጋ መታፈን ይጀምራል። ይህ ማለት መግቢያው የሚችለው በድምሩ -50 ዲቢኤም ገደማ ነው። በ17 ዲቢ ታልፏል። ዲሹ ዝቅ ብሎ የሚያይ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከማማው አቅጣጫ ያለው ልዩነት 10 ዲግሪ ብቻ ሲሆን፣ በ12 ዲቢ ይብሳል። ከአድማስ ብዙም ያልራቀ ሳተላይት የሚከታተሉ ጣቢያዎች ቀድመው የሚታመሙትም ለዚህ ነው።

ኤልኤንቢ ሲታፈን የሚጠፋው ከ5ጂው አጠገብ ያለው ትራንስፖንደር (ሳተላይቱ ቻናሎችን የሚያወርድበት አንድ የፍሪኩዌንሲ ክፍል) ብቻ አይደለም። ማጉያው አንድ ነውና ከ3.7 እስከ 4.2 ያለው ሁሉ አንድ ላይ ይወድቃል።

ወደ ዕቃው እንመለስ። ማስታወቂያው ላይ በደማቁ የሚጻፈው የማገድ አቅም ነው፤ «55 ዲቢ»፣ «70 ዲቢ»። ጥያቄው በየትኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ ነው የሚለው ነው። በ20 ዲቢ ሪተርን ሎስ (መልሶ የሚያንጸባርቀው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ የሚለካበት) የተነደፈ ባለስድስት ክፍል ማጣሪያ፣ ማሳለፍ የሚጀምረው ከ3.7 ከሆነ፣ በስሌት 3.5 ላይ 48 ዲቢ ያህል ያግዳል። 3.6 ላይ ወደ 27 ይወርዳል። 3.65 ላይ 12 ብቻ ነው፤ 3.68 ላይ 2 ዲቢ፣ ማለትም የለም ማለት ይቻላል። ግድግዳ ሳይሆን ዳገት ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ -33ን ወደ ምቹው -60፣ ማለትም ከ-50ው ወሰን በ10 ዲቢ ዝቅ ወዳለው፣ ለማውረድ 27 ዲቢ ያስፈልጋል፤ 5ጂው እስከ 3.6 ብቻ ከሆነ ማጣሪያው ለጥቂት ይበቃል፣ አብዛኛው የ5ጂው ስፋት ከ3.6 በታች ስለሆነም ትርፍ አለው። 5ጂው እስከ 3.68 ከወጣ ይህ ዕቃ አይሆንም፤ ክፍሎቹ የበዙ ወይም ከ3.7 ከፍ ብሎ የሚጀምር ማጣሪያ መፈለግ ግድ ነው። ሻጩ የግራፍ ወረቀት ማሳየት ካልቻለ፣ የጻፈው ቁጥር 3.4 ላይ የተለካ ነው ብሎ መገመት ብዙም አያስወቅስም።

ማሳለፊያው ከፍ ብሎ የሚጀምረውን መምረጥ የራሱ ወጥመድ አለው። በአሜሪካ ከ3.7 እስከ 3.98 ያለው ለሞባይል ተላልፎ ሳተላይቶቹ ወደ 4.0–4.2 ሲሰበሰቡ በመካከል የተተወው 20 ሜጋኸርዝ ብቻ ነበር። ሽግግሩ በሁለት ዙር ስለተካሄደ ማጣሪያዎቹም ሁለት ሆኑ፤ «ቀይ» የሚባለው ከ3.82 እስከ 4.2፣ «ሰማያዊ» የሚባለው ከ4.0 እስከ 4.2 ያሳልፋል። ሁለቱም በሌላው ዓለም ገበያ ይገኛሉ። የሚፈለገው ቻናል 3.76 ላይ ካለ ሰማያዊውን መግጠም በሩን ከነቤተሰቡ መቆለፍ ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት የሚቀበሏቸውን ትራንስፖንደሮች ዝርዝር አውጡና ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ ያዙ፤ ከዚያ በአካባቢው ያለው 5ጂ እስከ ስንት እንደሚደርስ እወቁ። ማጣሪያው የሚመረጠው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ባለው ክፍተት እንጂ በማስታወቂያው አይደለም።

አሁን ማንም በደማቁ የማይጽፈውን፣ የማሳለፍ ኪሳራውን እንመልከት። ወረቀቱ «0.5 ዲቢ» ይላል። ግማሽ ዲቢ ምን አላት ይባላል። ከኤልኤንቢ በፊት ግን እያንዳንዷ ዲቢ ሁለት ጊዜ ትከፈላለች፦ አንዴ ሲግናሉ ሲቀንስ፣ አንዴ ማጣሪያው ራሱ ሞቆ ኖይዝ ሲያመነጭ። ኖይዝ፣ ማለትም የማይፈለገው የጀርባ ጩኸት፣ በሙቀት መለኪያ በኬልቪን ይለካል፤ አንቴናው 35 ኬልቪን፣ ኤልኤንቢው 30 ኬልቪን ቢሆን ድምሩ 65 ነው። 0.5 ዲቢ የሚበላ ማጣሪያ ሲገባ የአንቴናው 35 ወደ 31 ይወርዳል፣ ማጣሪያው በራሱ 31.5 ይጨምራል፣ ከኤልኤንቢው 30 ጋር ወደ 93 ኬልቪን ይጠጋል። ኖይዙ በ1.5 ዲቢ አደገ፣ ሲግናሉ በ0.5 ቀነሰ፤ የጠፋው ድምር 2 ዲቢ ነው። በ0.3 ዲቢ ማጣሪያ ኪሳራው 1.3 ይሆናል፣ በ0.2 ደግሞ 0.9።

ይህ ቁጥር ቀልድ አይደለም። በዲቪቢ-ኤስ2፣ በተለመደው የሳተላይት ስርጭት ደረጃ፣ 8ፒኤስኬ 3/4 የሚባለው ዓይነት ሲግናል ለመያዝ ከኖይዙ በ7.9 ዲቢ ገደማ መብለጥ ይፈልጋል። በጠራ ቀን 10 ዲቢ የሚያሳይ ሪሲቨር ማጣሪያው ሲገባ 8 ላይ ይቀራል፤ ዲሹ በነፋስ ትንሽ ቢነቃነቅ ሥዕሉ ይሰባበራል። ከዚያ «ማጣሪያው አበላሸው» ይባላል፣ እውነትም ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ላለ ጣቢያ መልሱ የተሻለ ማጣሪያ ሳይሆን ተለቅ ያለ ዲሽ ነው። ትልቅ ዲሽ ሲግናሉን ያሳድጋል፤ ጨረሩም ስለሚጠብ በጎን የሚሰማው አንጻራዊ ጩኸት ይቀንሳል። የግምገማው ፍርድ እንግዲህ እንዲህ ነው፦ ከ0.3 ዲቢ በላይ የሚበላ ማጣሪያ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ ለትንሽ ዲሽ አይገዛ።

ሙቀትም አለ። አሉሚኒየም በእያንዳንዱ ዲግሪ 23 ከሚሊዮን ያህል ይለጠጣል፤ ሌሊትና ቀትር መካከል የ40 ዲግሪ ልዩነት ካለ የማጣሪያው ጠርዝ 3.4 ሜጋኸርዝ ይንሸራተታል። ሲሞቅ ወደ ታች፣ ሲቀዘቅዝ ወደ ላይ። ስለዚህ ከ3.702 የሚጀምር ትራንስፖንደር ንጋት ላይ ብቻ የሚታመም ከሆነ 5ጂውን መውቀስ አያስፈልግም፣ ቅዝቃዜው ነው። ጠርዙ ላይ ሌላም ነገር አለ፤ የተለያዩ ፍሪኩዌንሲዎች እኩል ሰዓት አይደርሱም፣ ይህም ሰፊውን ባለ16 እና ባለ32 ነጥብ ሲግናል ያዛባል። ባለ4 ነጥቡ ኪውፒኤስኬ ብዙም አይሰማውም።

ስለ አሠራሩ፦ በ4 ጊጋኸርዝ አካባቢ በዚህ ዌቭጋይድ ውስጥ ያለው ሞገድ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል የዚያ ግማሽ ሲሆን ስድስቱ ሲደረደሩ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ይህ ርዝመት ማንም ሳያስብበት ዕቃው እጁ ላይ ሲደርስ ነው የሚያስደነግጠው። ኤልኤንቢው በ30 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይገፋል፣ ክብደቱም በፊዱ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ፊዱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ዘንበል ካለ የዲሹ ትኩረት ይስታል፤ የጠፋው ሲግናልም በማጣሪያው ይመካኛል። ማጣሪያውን ከፊዱ እግሮች ጋር የሚያያይዝ ቅንፍ ከላሜራ መሥራት የግድ ነው። ነጭ ቀለም የተቀባውን ምረጡ፣ ጥቁሩ ፀሐይ ላይ ይቀቀላል።

አገጣጠሙ ከባድ ባይሆንም ስንፍናን አይወድም። መጀመሪያ ሪሲቨሩን ወይም የኤልኤንቢውን ኃይል ሰጪ አጥፉ፤ በኬብሉ ላይ 13 ወይም 18 ቮልት አለና መሐሉ ከተነካካ ፊውዝ ይበላል። ኤልኤንቢውን ከመፍታት በፊት የቆመበትን አቅጣጫ በማርከር አስምሩ፣ ፖላራይዜሽኑ እንዳይዛባ። ሲፒአር-229 ፍላንጅ አሥር ቡሎን አለው፣ ሩብ ኢንች ናቸው። ክር በወጣለት ቀዳዳ ኤም6 የሚገባ ይመስላል፤ ይገባልም፣ ግን አይይዝም፣ ጠበቅ ሲደረግ ክሩን ይበላዋል።

ጓርኒሲዮኑ ላይ ቆም በሉ፣ አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። ፍላንጁ ሁለት ዓይነት ነው፤ ቦይ ያለውና ልሙጥ። ቦይ ከልሙጥ ጋር ሲገናኝ ግማሽ ውፍረት ያለው ጓርኒሲዮን ይገባል፣ ቦይ ከቦይ ሲገናኝ ሙሉ ውፍረት ያለው። ሙሉውን በግማሹ ቦታ ካስገቡት ሁለቱ ብረቶች አይነካኩም፤ ፀጉር የምታህል ክፍተት ትቀራለች፣ በእሷም ሲግናል ይወጣል፣ 5ጂ ይገባል፣ ዝናብም ይገባል። ማጣሪያ ገጥሞ በክፍተት 5ጂ ማስገባት አጥሩን አጥሮ በሩን ክፍት እንደ መተው ነው። ግማሹን በሙሉው ቦታ ካስገቡት ደግሞ ብረቱ ይገጥማል፣ ውኃ ግን አይከለክልም፤ ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ ማጣሪያው ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል። ቡሎኖቹን በመስቀል ቅደም ተከተል፣ በሁለት ዙር አጥብቁ፤ መጀመሪያ ሁሉንም በእጅ፣ ከዚያ በቁልፍ። ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ተራ በተራ ማጥበቅ ፍላንጁን ያጣምመዋል።

ማጣሪያው ጎን ላይ በቀለም የታሸጉ ትናንሽ ቡሎኖች ካሉ ካቻቢቴ አታስጠጉባቸው። ፋብሪካው በመሣሪያ የቃኛቸው ናቸው፤ ሩብ ዙር ብትዞር ጠርዙ በብዙ ሜጋኸርዝ ይሸሻል፣ ያለ ኔትወርክ አናላይዘርም አይመለስም።

ጣቢያው የሚልክም ከሆነ በኤልኤንቢው ፊት የላኪውን 5.925–6.425 ጊጋኸርዝ የሚያግድ ማጣሪያ ይኖራል። አዲሱ ተገጠመ ብሎ እሱን ማውጣት የተለመደ ሞኝነት ነው። የዌቭጋይድ ፊልተር ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ ላይ እንደገና መክፈት ይጀምራልና የላኪው ጉልበት ሾልኮ ኤልኤንቢውን ያቃጥለዋል። ከፊዱ ሲነሱ የላኪው ማገጃ ይቀድማል፣ የ5ጂው ይከተላል፣ ኤልኤንቢው መጨረሻ።

ይህ ሁሉ ከመግዛት በፊት መታወቅ ያለበት ግን በሽታው የትኛው ነው የሚለው ነው። ስፔክትረም አናላይዘር (የትኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ ምን ያህል ጉልበት እንዳለ በሥዕል የሚያሳይ መሣሪያ) በኤል-ባንዱ ኬብል፣ ማለትም ከኤልኤንቢው ወደ ሪሲቨሩ በሚወርደው ላይ፣ ይታሰር፣ ለኤልኤንቢውም በዲሲ ማሳለፊያ ቮልት ይሰጠው፤ ቮልቱ ወደ አናላይዘሩ እንዳይሄድ ማገጃ መኖሩን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። ኤልኤንቢው የመጣውን ፍሪኩዌንሲ ከራሱ ኦስሲሌተር፣ ከ5150 ሜጋኸርዝ፣ ላይ ቀንሶ ስለሚያወርደው ሥዕሉ ተገልብጦ ነው የሚታየው፤ 4.2 ጊጋኸርዝ 950 ላይ፣ 3.7 ደግሞ 1450፣ 3.6 በ1550፣ 3.5 በ1650 ይመጣል። ከ1450 በስተቀኝ እንደ ጠረጴዛ የተደላደለ ጉብታ ከቆመ እሱ 5ጂ ነው። ማየቱ ብቻ ግን አይበቃም። አናላይዘሩን በአንድ ጤነኛ ትራንስፖንደር መሐል ላይ ዜሮ ስፓን (በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ቆሞ ጉልበቱን በጊዜ የሚያሳይበት አሠራር) አድርጉ፣ አንድ ሜጋኸርዝ ባንድዊድዝ፣ 20 ሚሊ ሰከንድ ስዊፕ። የሚታየው መስመር በየጥቂት ሚሊ ሰከንዱ ወደ ታች የሚደነቅፍ ከሆነ ሲግናሉ ራሱ እየታፈነ ነው፤ 5ጂው ሲናገር ማጉያው ይደነቁራል፣ ዝም ሲል ይሰማል። ይህ ማጣሪያው የተሠራለት በሽታ ነው። አሁን ሲግናል ወደሌለበት ክፍት ቦታ፣ ከሁለት ትራንስፖንደሮች መሐል፣ ውሰዱት። እዚህ መስመሩ በተመሳሳይ ምት ወደ ላይ የሚዘል፣ ትራንስፖንደሩ ግን ቁመቱን የማይቀንስ ከሆነ፣ ማማው በሳተላይቱ ባንድ ውስጥ ትርፍራፊ እየረጨ ነው። ትርፍራፊው ከሚፈለገው ሲግናል ጋር አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ነው ያለው፤ የትኛውም ማጣሪያ ዲሹ ጋ ሊለየው አይችልም። መታገድ ያለበት ማማው ላይ ነው፣ ጉዳዩም የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ነው። የአሜሪካው ደንብ ለዚህ በቁጥር ወሰን አስቀምጧል፦ በሳተላይቱ ባንድ ውስጥ ዲሹ ጋ የሚደርሰው በካሬ ሜትር በአንድ ሜጋኸርዝ ከ-124 ዲቢደብሊው እንዳይበልጥ።

ልኬቱን ሰው በሚበዛበት ሰዓት አድርጉት። 5ጂ የሚጮኸው ተጠቃሚ ሲኖረው ነው፣ ሌሊት ተለክቶ «ምንም የለም» የተባለ ጣቢያ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ይወድቃል።

ሦስተኛም አለ፣ በጣም የሚረሳው፦ በኬብሉ የሚገባ። ከኤልኤንቢው የሚወጣው ከ950 ሜጋኸርዝ ጀምሮ ነው፤ የ900 ሞባይል ባንድ እስከ 960 ይልካል። የላላ ኤፍ ኮኔክተር ወይም የተላጠ ኬብል አንቴና ይሆንና ከ4.19 እስከ 4.2 ያለውን ይበክላል። አውሮፕላኖች በ1090 የሚልኩት ምት ደግሞ 4.06 ጊጋኸርዝ ላይ እንዳለ ሆኖ ይታያል። መለያው ቀላል ነው፤ ኬብሉን ኤልኤንቢው ጋ ነቅሎ ጫፉን በ75 ኦም መዝጋት። ጩኸቱ ከቀጠለ ዲሹ ምንም አላጠፋም፣ ኮኔክተሩ ይቀየር።

ከኤልኤንቢው በኋላ፣ ኬብሉ ላይ የሚጠመጠሙት ርካሽ የኤል-ባንድ ማጣሪያዎች ለታፈነ ኤልኤንቢ ምንም አይፈይዱም፤ ጉዳቱ የደረሰው ከእነሱ በፊት ነው። የሚጠቅሙት ኤልኤንቢው ችሎ ሪሲቨሩ ወይም የመስመር ማጉያው ሲጨናነቅ ብቻ ነው።

ማጣሪያ በውስጡ ያለው ኤልኤንቢ አጭር ነው፣ ተጨማሪ ፍላንጅና ጓርኒሲዮን የለውም፣ ፊዱንም አያጎብጥም። ለትንሽ ዲሽ ብዙ ጊዜ እሱ ይመረጣል። አንድ ነገር ግን ጠይቁ፦ ማጣሪያው ከመጀመሪያው ትራንዚስተር በፊት ነው ወይስ በኋላ? በኋላ ከሆነ የኖይዝ ቁጥሩ ያምራል፣ የመጀመሪያው ማጉያ ግን ለጩኸቱ እርቃኑን ነው። ወረቀቱ 20 ኬልቪን እያለ ጠርዙ አጠገብ 50 ዲቢ አግዳለሁ የሚል ኤልኤንቢ፣ በፊት ያስቀመጠው ማጣሪያ እንደሌለ በዚያው እየተናገረ ነው። ማማው ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ከራቀ ይህ ይበቃል። ከአጥሩ ማዶ ከሆነ ውጪ የሚታሰረው ዌቭጋይድ ብቻ ነው የሚያዋጣው፤ አንዳንድ ጣቢያ ሁለቱንም አንድ ላይ ያስራል፣ ለዚያ ግን ኪሳራውን የሚሸከም ዲሽ ያስፈልጋል።

ማጣሪያው ከታሰረ በኋላ የሚለካው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ትራንስፖንደር ላይ ይሁን። በማይታመምበት ሰዓት ሪሲቨሩ ከበፊቱ ከ1 እስከ 2 ዲቢ ቀንሶ ካሳየ ዋጋው ያ ነው፣ የሚጠበቅ ነው። ከ3 ዲቢ በላይ ከቀነሰ ጓርኒሲዮኑን ፈትታችሁ እዩ፤ ደህና ከሆነ ፊዱ ዘንበል ብሎ እንደሆነ በውኃ ልክ መርምሩ። ዜሮ ስፓኑ ላይ መደነቃቀፉ ቆሞ መስመሩ ቀጥ ካለ ማጣሪያው ሥራውን ሠርቷል፤ ቁጥሩን በማርከር ሳጥኑ ላይ ከነቀኑ ጻፉት፣ ከዓመት በኋላ ውኃ ገባ አልገባ የሚባለው የሚለየው በእሱ ነው።